የደቻቱ ካርታና የላይብረሪዎቻችን ቨርዥን

ደቻቱ በዓመቱ ውስጥ ለአብዛኞቹ ወራት ወንዝ ከመባል ይልቅ የአሸዋ ሜዳ ቢባል ይቀለዋል። ድሬዳዋን ለሁለት ከፍሎ፣ ከዚራን በአንድ ወገን መጋላን በሌላ ወገን አድርጎ ያልፋል፤ ሰውም ከብትም በደረቅ እግሩ ይሻገረዋል። ከከተማዋ በስተደቡብ በሚገኙት ተራሮች ላይ ከባድ ዝናብ የጣለ እንደሆነ ግን፣ በከተማዋ ጠብታ እንኳ ሳይወርድ፣ ደለልና ድንጋይ እየገፋ ይደርሳል። ሐምሌ 29 ቀን 1998 ዓ.ም. ለ30 አጥቢያ የመጣው ጎርፍ ከ200 በላይ ሰዎችን ሕይወት እንደ ቀጠፈና በሺህ የሚቆጠሩትን መጠለያ አልባ እንዳደረገ የሚዘነጋ አይደለም። ከዚያ ወዲህ ጎርፉ እስከ የት ሊደርስ እንደሚችል የሚያሳዩ ካርታዎች በተመራማሪዎችና በተመራቂ ተማሪዎች ሲሠሩ ቆይተዋል።

ስለ ሃይድሮሎጂው ባለሙያዎቹ ይጻፉ። እኔ ለማንሣት የምሻው በመመረቂያ ጽሑፍ ግምገማ ላይ ሲጠየቅ ሰምቼ የማላውቀውን አንድ ጥያቄ ነው፦ ይህን ካርታ ያወጣው ፕሮግራም የተገነባው በየትኞቹ ላይብረሪዎች፣ በስንተኛው ቨርዥናቸው ነው?

ጥያቄው ተራ የቴክኒሻን ጉዳይ ሊመስል ይችላል። ነገር ግን ዛሬ ማንም ፕሮግራመር ሁሉንም ነገር ራሱ አይጽፍም። የሳተላይት ምስል የሚያነብለትን ክፍል ጂዳል ከተባለው ላይብረሪ ይዋሳል፤ የአንድን ቦታ መገኛ ከአንድ የካርታ ሥርዓት ወደ ሌላው የሚለውጥለትን ደግሞ ከፕሮጅ ይዋሳል። ፕሮጅ የአሜሪካ የጂኦሎጂ ጥናት መሥሪያ ቤት ባልደረባ በነበረው በጄራልድ ኤቨንደን የተጀመረ ሥራ ሲሆን፣ ኪውጂአይኤስንና ግራስን የመሳሰሉት ነፃ የካርታ ፕሮግራሞች ሁሉ በእርሱ ትከሻ ላይ የቆሙ ናቸው። አንድ ፕሮግራም ከምንጭ ኮዱ ሲገነባ እነዚህ የተዋሳቸው ክፍሎች በኮምፒዩተሩ ውስጥ የት እንዳሉ መገኘት፣ ቨርዥናቸውም ተስማሚ መሆኑ መረጋገጥ አለበት።

ፍለጋው የሚካሄድባቸው መንገዶች ብዙ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1991 የተጀመረው አውቶኮንፍ አነስተኛ የሙከራ ፕሮግራም ጽፎ ኮምፓይል በማድረግ «ይህ ተግባር አለ ወይስ የለም?» ብሎ ይፈትናል። ፒኬጂ-ኮንፊግ ላይብረሪው በተጫነ ጊዜ የተዋትን ትንሽ የማስታወሻ ፋይል ያነባል፤ ቦታውም ቨርዥኑም በእርሷ ላይ ተጽፏል። እ.ኤ.አ. በ2000 ለሕክምና ምስል ሥራ ተብሎ የተጀመረውና ዛሬ በስፋት የሚሠራበት ሲሜክ ደግሞ ሁለቱንም ጠባይ አጣምሮ የያዘ ነው፤ ወይ በተለመዱት ማኅደሮች እየዞረ ፋይሎቹን ይፈልጋል፣ ወይ ላይብረሪው ራሱ ያዘጋጀለትን መግለጫ ያነባል።

ችግሩ የሚጀምረው ፍለጋው «አገኘሁ» ሲል ነው። በአንድ የዩኒቨርሲቲ ላቦራቶሪ ኮምፒዩተር ላይ ያንኑ ላይብረሪ ሁለት ሦስት ጊዜ ተጭኖ ማግኘት የተለመደ ነው፦ አንዱ ከኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ጋር የመጣ፣ አንዱ ከዳታቤዝ ፕሮግራም ጋር ተደርቦ የገባ፣ አንዱ ደግሞ ያለፈው ዓመት ተመራቂ ከምንጩ ገንብቶ የተወው። ፈላጊው ሄደር ፋይሉን ከአንዱ፣ ላይብረሪውን ከሌላው ሊወስድ ይችላል። ኮምፓይለሩ ምንም አያጉረመርምም፤ ፕሮግራሙም ይነሣል። በተጨማሪ ሲሜክ አንድ ጊዜ ያገኘውን መንገድ በማስታወሻ ፋይሉ መዝግቦ ስለሚይዝ፣ ላይብረሪው ከታደሰም በኋላ የቀድሞውን ቦታ መጠቆሙን ሊቀጥል ይችላል። ያን ፋይል አጥፍቶ እንደገና መጀመር ብዙ ተማሪን ከብዙ ድካም ባዳነው ነበር።

በፕሮጅ ላይ የደረሰውን ለውጥ ማየት ነገሩን ይበልጥ ግልጽ ያደርገዋል። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2019 የወጣው 6ኛው ቨርዥን የካርታ ሥርዓቶችን ዝርዝር ከተራ የጽሑፍ ፋይሎች አውጥቶ ወደ አንድ የዳታቤዝ ፋይል አዛወረው። ፕሮግራሙ ሲነሣ ያንን ፋይል መፈለግ አለበት፤ የሚፈልግበት ቦታ በአንድ የአካባቢ ተለዋዋጭ ሊወሰን ስለሚችል፣ ሌላ ፕሮግራም ያን ተለዋዋጭ ወደ ራሱ አሮጌ ፋይል አዙሮት ከሆነ አዲሱ ላይብረሪ አሮጌውን ዳታቤዝ ይከፍታል። ደግነቱ ፕሮጅ በዚህ ጊዜ ዝም አይልም፤ የዳታቤዙ የአቀማመጥ ቁጥር ከሚጠበቀው ያነሰ መሆኑንና ፋይሉ ከሌላ ጭነት የመጣ መሆኑን ተናግሮ ይቆማል። በግንባታ ጊዜ የተደረገ ምርመራ ብቻውን እንደማይበቃ ከዚህ እንማራለን።

የጂዳል ጉዳይ ከዚህ የባሰ ነው፤ እዚያ ዝምታ አለና። በዚያው ዓመት በግንቦት የወጣው 3ኛው ቨርዥን ለተለመደው የኬክሮስና የኬንትሮስ ሥርዓት በይፋ የተመዘገበውን ቅደም ተከተል ማክበር ጀመረ፤ ኬክሮስ ይቀድማል፣ ኬንትሮስ ይከተላል። ከዚያ በፊት ፕሮግራመሮች የለመዱት ተቃራኒውን ነበር። እንግዲህ አንድ የቆየ ፕሮግራም በግንባታ ፋይሉ ላይ «ጂዳል 2 ወይም ከዚያ በላይ» ብሎ ቢጠይቅ፣ 3 ከ2 ስለሚበልጥ ምርመራውን ያልፋል፤ ውጤቱ ግን ይገለበጣል። ድሬዳዋ የምትገኘው በ9.6 ዲግሪ ሰሜንና በ41.87 ዲግሪ ምሥራቅ ገደማ ነው። ቁጥሮቹን ስናለዋውጣቸው ደቻቱ ከኮርሲካ ደሴት በስተምሥራቅ ባሕር ውስጥ ይገባል።

ይህ ስሕተት እንኳ ዓይን ስለሚስብ ደግ ስሕተት ነው። የሚያስፈራው ትንሹ ነው። የሀገራችን ነባር የመልክዐ ምድር ካርታዎች የተመሠረቱት መነሻው በግብፅና በሱዳን ድንበር አካባቢ በሆነው አዲንዳን በተባለው ዳተም ላይ ነው፤ ጂፒኤስ ግን የሚናገረው በደብልዩ ጂ ኤስ 84 ነው። በድሬዳዋ የአንድን ቦታ የዩቲኤም ቁጥሮች በሁለቱ ዳተሞች ብናስተያይ ልዩነቱ ከ200 ሜትር ይበልጣል። ለኢትዮጵያ የተመዘገቡት የመለወጫ ቁጥሮች በሦስቱ አቅጣጫዎች ሲቀነስ 165፣ ሲቀነስ 11 እና ሲደመር 206 ሜትር ናቸው፤ ለኢትዮጵያና ለሱዳን በአማካይ የተሰጡት ደግሞ ሲቀነስ 166፣ ሲቀነስ 15 እና ሲደመር 204። ከሁለቱ አንዱን በሌላው መተካት ጥቂት ሜትሮችን ብቻ ያዛባል። የካርታው ፋይል ዳተሙን በትክክል ሳይገልጽ ቀርቶ ላይብረሪው መለወጫ ያጣ እንደሆነ ግን፣ አዲሶቹ የፕሮጅ ቨርዥኖች የዳተሙን ልዩነት ወደ ጎን ትተው በግምት ሊያልፉት ይችላሉ፤ ተጠቃሚውም ካልጠየቀ አይነገረውም። በከተማ መካከል 200 ሜትር ማለት ከወንዝ ዳር ተነሥቶ መኖሪያ ሰፈር ውስጥ መግባት ነው። አንዱ ቤት ከአደጋ ክልል ይወጣል፣ ሌላው ይገባል፤ ካርታው ግን እንደዚያው ያማረ ነው።

ስለዚህ እኔ የምደግፈው ጥብቅነትን ነው። የግንባታ ፋይል የሚያስፈልገውን ላይብረሪ ካላገኘ በማስጠንቀቂያ ማለፉን ትቶ ይቁም። ዝቅተኛውን ቨርዥን ብቻ ሳይሆን የላይኛውንም ወሰን ይጥቀስ፤ ሲሜክ ከ3.19 ጀምሮ «ከ2.4 እስከ 3 ሳይደርስ» ዓይነቱን አጻጻፍ ይቀበላልና ምክንያት የለም። ቨርዥን ሲነጻጸርም እንደ ፊደል አይነጻጸር፤ በፊደል ተራ ከሄድን 9.10 ከ9.9 ያንሳል፣ በእውነቱ ግን ይበልጣል። (ይህን በቤት ሠራሽ የግንባታ ስክሪፕቶች ውስጥ ስንት ጊዜ እንዳየሁት!)

ተቃውሞው አይጠፋኝም። ኢንተርኔት በሚቆራረጥበት ቦታ አንድ ላይብረሪ እስኪወርድ ሙሉ ቀን የሚጠብቅ ተማሪ፣ ፕሮግራሙ በመጠኑም ቢሆን እንዲሠራለት እንጂ እንዲቆምበት አይሻም። «በተገኘው እንሥራ» ማለቱ ከችግር የመነጨ ስለሆነ አይፈረድበትም። አንዳንዶች መፍትሔው ላይብረሪውን ራሱን ቀድቶ በፕሮጀክቱ ውስጥ ማስቀመጥ ነው ይላሉ፤ ለግንኙነቱ ችግር ጥሩ መልስ ነው፤ ነገር ግን የተቀዳው ቅጂ ከዚያ ቀን ጀምሮ ያረጃል። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2024 በኤክስዜድ ላይብረሪ 5.6.0 እና 5.6.1 ቨርዥኖች ውስጥ ሆን ተብሎ የተደበቀ የሰርጎ ገብ በር መኖሩ በተጋለጠ ጊዜ፣ የዓለም ባለሙያዎች በዚያ ቀን ያነሡት የመጀመሪያ ጥያቄ «እኛ ጋ ያለው ስንተኛው ነው?» የሚል ነበር። የተንኮሉ አንዱ ክፍል የተሸሸገው በግንባታው ስክሪፕት ውስጥ መሆኑም ልብ ይባል።

የዲፓርትመንቶች ድርሻ እዚህ ላይ ነው። እያንዳንዱ ላቦራቶሪ በኮርሶቹና በምርምሮቹ የሚያስፈልጉትን ላይብረሪዎች፣ ቨርዥናቸው ተለይቶ፣ በግቢው ሰርቨር ላይ ቢያስቀምጥ ተማሪው ከሩቅ ሀገር የሚያወርደው ነገር ይቀንሳል፤ ሁሉም ከአንድ ምንጭ ስለሚገነባም የአንዱ ውጤት በሌላው ኮምፒዩተር ላይ ሊደገም ይችላል። ወጪው አንድ ዲስክና አንድ ኃላፊነት የሚወስድ ሰው ነው። መምህራንም ከመመረቂያ ጽሑፉ ጀርባ አንድ ገጽ ይጠይቁ፦ የላይብረሪዎቹ ስም፣ ቨርዥናቸው፣ ከየት ማኅደር እንደተገኙ፣ የተጠቀሙበት ዳተምና የመለወጫ ቁጥሮቹ። ገጹን ፕሮግራሙ ራሱ በግንባታው ጊዜ ሊጽፈው ይችላል፤ ፍለጋው ያገኘውን ሁሉ ያውቃልና። የደቻቱን የጎርፍ ክልል የሚያሳይ ካርታ ከሆነ ደግሞ፣ ከሚዛኑና ከሰሜን ቀስቱ ጎን በትንሽ ፊደል የፕሮጅና የጂዳል ቨርዥን ቢታተምበት ቦታ አያጣብብም።