የመቶ ብር መልስ

በዚህ ግቢ ካለነው ተማሪዎች የብዙዎቻችን የኪስ ገንዘብ የሚገኘው የሰው ልጅ በማስጠናት መሆኑ የታወቀ ነው። እኔም በሳምንት ሦስት ቀን አንዲት የሁለተኛ ክፍል ሕፃን አስጠናለሁ። የልጅቱ እናት ከአጥራቸው ጋር የተያያዘች ትንሽ ሱቅ አለቻቸው፤ እሳቸው ጓዳ ሲገቡ ልጅቱ መስኮቱ ላይ ትቆማለች። ባለፈው ጥር ወር አንድ ቀን ቀደም ብዬ ደርሼ በር ላይ ስጠብቅ፣ አንድ ሰው የ36 ብር ሳሙና ገዝቶ መቶ ብር ሰጣት። ሕፃኒቱ ወረቀትም እርሳስም አልፈለገችም። አራት ዝርዝር ብር ቆጥራ «አርባ» አለች፤ አንድ አሥር ብር ጨመረችና «ኀምሳ» አለች፤ አንድ ድፍን ኀምሳ ብር ከላይ አድርጋ «መቶ» ብላ አስረከበችው። ሰውዬውም ሳይቆጥር ኪሱ ከትቶ ሄደ።

ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ደብተር ገለጥን። እኔም ነገሩ ገርሞኝ ስለ ነበር፣ ሆን ብዬ 100 ሲቀነስ 36 ብዬ ቁልቁል ጻፍኩላት። ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች ብዙ ቆየች። ከዜሮ ላይ ስድስት አይነሣም፤ ስለዚህ ዜሮን ከስድስት አነሣችና 6 ጻፈች። ሦስቱንም እንዲሁ አድርጋ 3 ጻፈች። አንዱን ብቻውን ቢያገኘው እንዳለ አወረደችው። መልሱ 136 ሆነ።

«እስቲ አሁን ያ ሰውዬ መቶ ብር ሰጥቶሽ፣ ሳሙናውንም ይዞ፣ 136 ብር ብትመልሽለት እናትሽ ምን ይላሉ?» አልኳት።

ልጅቱ በእኔ አለማወቅ ሳቀች። «እሱ ሱቅ ነው ጋሼ፤ ይኼ ሒሳብ ነው» አለችኝ።

ይህን ጽሑፍ ያስጻፈኝ ይኸው ቃሏ ነው። ሕፃኒቱ መቀነስ አልተሳናትም። የተማረችው፣ በሱቁ መስኮት የምታውቀው ነገር ደብተር ውስጥ እንደማይገባ ነው። በቋንቋችን ሻጭ የሚሰጠውም ተማሪ የሚሰጠውም «መልስ» ይባላል፤ እሷ ግን ሁለቱን መልሶች ምን አገናኛቸው ብላ ለያይታቸዋለች። ይህን መለያየት ደግሞ ከእናቷ ሆድ ይዛው አልመጣችም። ያስተማርናት እኛ ነን። እኛ ስል አስጠኚዎችን ጨምሬ ነው፤ እኔም በዚያን ቀን ያደረግሁት ሌሎች የሚያደርጉትን ነውና። «ዜሮ ስለሆነ ከጎረቤቱ ይበደራል፣ ጎረቤቱም የለውም፣ እሱም ከጎረቤቱ ይበደራል፣ አንዱን ሰርዢ፣ ዘጠኝ ጻፊ፣ አሥር ጻፊ» እያልኩ እጇን ይዤ 64 አስጻፍኳት። በጣቷ ልትቆጥር ስትሞክርም «ጣትሽን ደብቂ» አልኳት። በሌላው ቀን 200 ሲቀነስ 45 ብሰጣት 245 ብላ ጠበቀችኝ። ማንም የማይከፍለው ብድር እንዴት ያለ ብድር እንደሆነ አልገባትም፤ ባለሱቅ ናትና አልፈርድባትም።

ይህ የአንዲት ልጅ ጉዳይ ብቻ አለመሆኑን የተረዳሁት ኋላ ሳነብ ነው። ካራኸርና ሽሊማን የተባሉ ተመራማሪዎች በብራዚል አገር፣ ሬሲፌ በተባለች ከተማ፣ በገበያና በመንገድ ዳር የሚነግዱ ልጆችን አጥንተው በ1985 እ.ኤ.አ. አሳትመዋል። ተመራማሪዎቹ እንደ ማንኛውም ገዢ ቀርበው ዋጋና መልስ ይጠይቋቸዋል፤ ልጆቹም ከመቶ 98 ያህሉን በትክክል ይመልሳሉ። ከጥቂት ቀን በኋላ ያንኑ ስሌት ያለ ዕቃና ያለ ገበያ፣ በቁጥርና በምልክት ብቻ ሲያቀርቡላቸው ከመቶ 37 ያህሉን ብቻ አገኙ። አንዱ ልጅ ኮኮናት ይሸጣል፤ የአንዱ ዋጋ 35 ነው። የአሥሩን ዋጋ ሲጠየቅ፣ ከ35 ኋላ ዜሮ መጨመርን አላሰበም። የሦስቱን ዋጋ 105 ይዞ በሦስት በሦስት እየደመረ 315 ላይ ደረሰ፤ በመጨረሻ አንድ ጨምሮ 350 አለ። መንገዱ ረጅም ነው፤ ነገር ግን የት እንደሚሄድ ያውቃል። የተጠኑት ልጆች አምስት ብቻ መሆናቸውን መደበቅ አልፈልግም፤ የስታትስቲክስ ተማሪዎች ወንድሞቻችን ከወዲሁ ሲስቁብኝ ይታየኛል። ቢሆንም ወደ መርካቶ ወርዶ ከአንድ ሱቅ በደረቴ ልጅ ካልሲ የገዛ ሰው፣ ወይም የታክሲ ረዳት የአሥራ ሁለት ሰው ሒሳብ በአንድ እጁ ሲሰበስብ ያየ ሰው፣ አምስትም ቢሆኑ ያምናቸዋል።

እንግዲህ በእኔ አስተያየት ስሕተቱ የሚጀምረው መቀነስን «ከዚህ ላይ ይህን ማንሣት» ብቻ አድርገን ስናስተምር ነው። ሕፃኒቱ በሱቁ ምንም አላነሣችም። ከ36 ተነሥታ መቶ እስኪሞላ ድረስ ጨመረች። የጎደለውን መሙላትም መቀነስ ነው፤ እንዲያውም ለሕፃን አእምሮ የቀረበው ይኸኛው ይመስለኛል። ይህ ከውጭ አገር የመጣ ዘዴ ነው የሚለኝ ካለ ወደ ባሕረ ሐሳብ እመራዋለሁ። አበቅቴና መጥቅዕ ሲደመሩ 30 ናቸው፤ አንዱን ያገኘ ሰው ሠላሳ ለመሙላት የጎደለውን አይቶ ሌላውን ያውቃል። በ2016 ዓ.ም. አበቅቴው 20 ነበር፤ መጥቅዑ ስንት እንደነበረ ለማወቅ ማንም የሚበደር የለም። አንድን ቁጥር ከጓደኛው ጋር አጣምሮ መያዝን የቤተ ክርስቲያን ሊቃውንት ለበዓላትና ለአጽዋማት ማውጫ ሲሠሩበት ኖረዋል። ለአንደኛ ክፍል ልጅም ሰባትና ሦስት፣ ስድስትና አራት፣ ስምንትና ሁለት አሥር የሚሞሉ ጓደኛሞች መሆናቸውን በእጁ ጣቶች እያጠፈና እየዘረጋ ቢያውቅ፣ የቀረው ሁሉ በዚያ ላይ ይሠራል። ጣት ማስደበቅ የሚሉትን ነገር ያመጣብን ማን እንደሆነ እንጃ። እግዚአብሔር ዐሥር አድርጎ የሰጠንን መቁጠሪያ ደብቆ ዐሥርን መማር አስቸጋሪ ነው።

ስለ ቋንቋም አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም፤ የቋንቋ ተማሪ ነኝና ይፈቀድልኝ። በአማርኛ «አሥራ አንድ፣ አሥራ ሁለት» ስንል አሥርና አንድ፣ አሥርና ሁለት ማለታችን ለጆሮ ግልጽ ነው። በኦሮምኛም «ኩዳ ቶኮ» እንዲሁ ነው። «ሃያ» ብቻ ያፈነግጥብናል እንጂ ሠላሳ ሦስትን፣ አርባ አራትን፣ ስድሳ ስድስትን፣ ሰባ ሰባትን በሆዱ እንደ ያዘ ይሰማል፤ ኦሮምኛም ከ«አፉር» «አፉርታማ»፣ ከ«ሻን» «ሻንታማ» ይላል። ይህን የመሰለ ሀብት ይዘን፣ ገና አራት ዓመት ያልሞላውን ልጅ «ኢለቨን፣ ትዌልቭ» እያስባልን ክፍያ የምንከፍል ሆነናል። ኢለቨን ውስጥ አሥር የት አለ? ሰርቲንና ሰርቲንስ የሚለይ ስንት ሕፃን ነው? ልጁ እስከ ሃምሳ በእንግሊዝኛ ሲወርድ ወላጅ ደስ ይለዋል፤ ሰባት ቆርኪ ፊቱ አስቀምጠው «ስንት ነው?» ቢሉት ግን አንዱን ሁለቴ ቆጥሮ ስምንት ይላል።

በዚሁ ላይ ሳለሁ፣ ብዙ ሕፃናት «አሥራ አንድ» ጻፉ ሲባሉ 101 ብለው እንደሚጽፉ ያስጠና ሁሉ ያውቃል። አሥርን ጽፈው አንድን ማስከተላቸው ነው። በግእዝ አኃዝ ቢሆን ኖሮ ትክክል ነበሩ፤ ፲፩ የሚጻፈው እንደሚነገረው ነውና። የግእዝ አኃዝ ዜሮ ስለሌለው ቁልቁል ለመደመር አይመችም፤ ወደ እሱ እንመለስ ማለቴም አይደለም። ነገር ግን 101 ብሎ የጻፈውን ልጅ «ደደብ» ከማለት በፊት፣ አእምሮው የሠራውን ሥራ ማየት ይገባ ነበር።

አሁን ወደ መረጃ ነገር ልምጣ። ሕፃናት መረጃ መሰብሰብና ማወዳደር ይማሩ ሲባል ብዙ ሰው ኮምፒዩተር ይታየዋል። እኔ ባለፈው ክረምት በበጎ ፈቃድ አገልግሎት ደብረ ብርሃን፣ ትውልድ ከተማዬ፣ 24 ሕፃናት ይዤ ያደረግሁት በአንድ ፌስታል የለስላሳ ቆርኪ ነው። «ዛሬ በምን መጣችሁ?» ብዬ፣ በእግሩ የመጣ በአንድ ረድፍ፣ በባጃጅ የመጣ በሌላ፣ በታክሲ የመጣ በሦስተኛ ረድፍ አንድ አንድ ቆርኪ መሬት ላይ እንዲያስቀምጥ አደረግሁ። የእግረኞቹ 11፣ የባጃጆቹ 9፣ የታክሲው 4 ሆነ። ይሁን እንጂ የባጃጆቹ ልጆች ቆርኪያቸውን ራቅ ራቅ አድርገው ስላስቀመጡ ረድፋቸው ረዘመ፤ «እኛ እንበልጣለን!» ብለው ጮኹ። እግረኞቹም «ቆጥራችሁ እዩ» አሉ። ጭቅጭቁ ሊያልቅ ያልቻለው አንዲት ልጅ እያንዳንዱን ባጃጅ ከአንድ እግረኛ ፊት ለፊት እስክታደርግ ድረስ ነበር። ሁለት እግረኞች ጓደኛ አጡ። «በስንት ይበልጣሉ?» ብዬ ስጠይቅ ሁሉም «በሁለት» አሉ። መቀነስ የሚል ቃል አልተነሣም፤ ከ11 ላይ 9 ግን ተቀንሷል።

ከዚህ ሁሉ የገረመኝ አንዱ ትንሽ ልጅ ነው። «ዛሬ ስለ ዘነበ ነው እንጂ እኔ ሁልጊዜ በእግሬ ነው የምመጣው» አለ። በማግሥቱ ፀሐይ ወጣ፤ ደግመን ብንቆጥር የባጃጁ ረድፍ ወደ አራት ወረደ። አንድ ቀን የተቆጠረ ነገር ስለ ሁልጊዜ እንደማይናገር ያን ልጅ ማንም አላስተማረውም።

እኛስ? በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከተፈተኑት ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 ከመቶ ብቻ መሆናቸው ሲነገር አገር ተናወጠ፤ እስከ ዛሬም በካፌው ጠረጴዛ ይነሣል። ከክርክሩ ጋር ስቀመጥ፣ ከመቶ 3.3 ማለት ከ30 ተማሪ አንድ ያህል መሆኑን በአእምሮው ሥሎ የሚናገር አላጋጠመኝም። አንዱ «ሠላሳ ሦስት» ይላል፤ ሌላው የአንድ ትምህርት ቤት ምሳሌ አምጥቶ ስለ አገሩ ሁሉ ይፈርዳል። ስለዚያ ፈተና ብዙ ምክንያት ሊቀርብ ይችላል፤ እኔ ሁሉንም በአንደኛ ክፍል ደብተር ላይ አልደፈድፍም። ነገር ግን ዐሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ «ይኼ ሒሳብ ነው» ብሎ ከኑሮው ለይቶ ያስቀመጠውን ነገር፣ በፈተናው ቀን ከየት አምጥቶ ይሥራው?

አንድ መምህር የሆነ ዘመዴ ይህን ሳጫውተው «አንተ 24 ልጅ ይዘህ ነው፤ እኔ 70 ይዤ ቆርኪ ብበትን ማን ይለቅምልኛል?» አለኝ። እውነቱን ነው፤ ሰባ ልጅ ፊት ቆሞ የማያውቅ ሰው መምህሩን ሊወቅስ አይገባም። በቃል ማጥናትንም አልንቅም። የማባዛት ሠንጠረዥ በቃል ካልተያዘ እርምጃ የለም፤ ዳዊት በቃላቸው የደገሙ አባቶችም አእምሯቸው አልደነዘዘም። የሱቁ ዘዴም ወሰን አለው፤ ቁጥሩ በሺህ ሲሆንና ክፍልፋይ ሲመጣ ቁልቁል መጻፉ ግድ ነው። የምከራከረው በቅደም ተከተሉ ላይ ነው። ዕቃው ይቅደም፣ ከዚያ ቃሉ፣ ከዚያ ምልክቱ ይከተል። ሰባ ልጅ ለያዘው መምህር ይህ ቢከብደው፣ አንድ ልጅ ብቻ ይዘን በሰዓት ለሚከፈለን ለእኛ ግን ምክንያት የለንም። እኛ የቤት ሥራውን ሠርተን፣ ደብተሩ ላይ ራይት እንዲበዛ አድርገን፣ ወር ሲሞላ ደመወዛችንን ተቀብለን የምንሄድ ከሆነ፣ ወላጆቹን አታለልን ማለት ነው። እኔ ለሁለት ወር ያህል አታልያለሁ።

አሁን ከልጅቱ ጋር ደብተር የምንከፍተው ሱቁ ውስጥ ነው። መልስ ትሰጣለች፤ ወዲያው የሰጠችውን ትጽፋለች፦ 36፣ 4፣ 40፣ 10፣ 50፣ 50፣ 100። ከጎኑ ደግሞ ያንኑ ቁልቁል ትሠራዋለች። ሁለቱ ካልተስማሙ የትኛው እንደተሳሳተ የምትወስነው እሷ ናት። ባለፈው ሰኞ ቁልቁሉ 112 ወጣባትና «ኧረ ከስረናል!» ብላ ራሷ ሰረዘችው። እናቷም «መምህር፣ ገበያ ትዘጋብኛላችሁ» እያሉ ይቆጣሉ፤ ሻይ ግን አልተቋረጠብኝም።

በመጪው ክረምት ለበጎ ፈቃድ ወደየትውልድ አገራችሁ የምትሄዱ ወንድሞችና እኅቶች፣ ለአንድ ክፍል ልጆች ሁለት ሦስት መቶ ቆርኪ ይበቃል። በማኅበሩ ቢሮ በር አጠገብ ባዶ ካርቶን አስቀምጫለሁ፤ በካፌው ለስላሳ የምትጠጡ ሁሉ ከመሬት ከምትጥሉት እዚያ ጣሉልኝ። የተጣመመውን አትምረጡ፤ ለመቁጠር ምንም አይልም።