ድንጋዩን አስመለስን፤ ምስሉንስ?

የአክሱም ሐውልት ከሮም ሲመለስ አጨብጭበናል። ሚያዝያ 1997 ዓ.ም. ከሦስት የተከፈለው ድንጋይ በአንቶኖቭ አውሮፕላን ገባ፤ ነሐሴ 2000 ዓ.ም. ደግሞ ቆሞ ተመረቀ። ደግ አደረግን።

አሁን አንድ ጥያቄ ልጠይቅ። ቴዎ እሸቱ ስለዚሁ መመለስ የሠራውን ቪዲዮ ያየ ከመካከላችን ስንት ሰው አለ?

ለማያውቁት፦ ቴዎ እ.ኤ.አ. በ1958 ለንደን የተወለደ፣ በልጅነቱ አዲስ አበባ የኖረ፣ ሮም ላይ ሙያውን ያዳበረ የቪዲዮ አርቲስት ነው። የታሪክ ጸሐፊው የተክለ ጻድቅ መኩሪያ የልጅ ልጅም ነው። የአያቱን መጻሕፍት እያገላበጥን አደግን፤ የልጅ ልጁን ሥራ ግን የሚያውቁልን የካሰልና የዋሽንግተን ጎብኚዎች ናቸው።

«የአክሱም ሐውልት መመለስ» የተባለው ሥራ በ15 ስክሪን ላይ ነው የሚታየው። «ይሄ ደግሞ የፈረንጅ ዕብደት ነው» የሚል ሰው አይጠፋም። ቆይ! የንግሥተ ሳባን ታሪክ በሳጥን በሳጥን ከፋፍሎ የሚተርከው የሸራ ሥዕል የማን ነው? ቴዎ ስክሪኖቹን የደረደረው በዚያው ሥርዓት ነው። የአባቶቻችንን አተራረክ በመብራት ሠራው እንጂ ከውጭ አላመጣውም።

«ብሬቭ ኒው ዎርልድ» የተባለውንም ውሰዱ። በመስታወት ወደተከበበው ክፍተት አንገትህን ስታስገባ የቴሌቪዥኑ ምስል ተባዝቶ እንደ ሉል ይሆናል፤ በመሀሉ የራስህን ፊት ታገኛለህ። ተመልካች ከሌለ ሥራው ጎዶሎ ነው። ይህ ሥራ ዛሬ በዋሽንግተን የስሚዝሶኒያን የአፍሪካ ጥበብ ሙዚየም ስብስብ ውስጥ ነው። ማንም አልሰረቀንም፤ እነሱ ዋጋውን ከፍለው ገዙት፣ እኛ ዝም አልን። ከዘረፋ የሚብሰው ይሄ ነው፤ የተዘረፈ ይጠየቃል፣ የተናቀ ግን ጠያቂ የለውም።

«ሰውየው ውጭ ነው የሚኖረው፣ የኛ አይደለም» ትሉኝ ይሆናል። ሐውልቱስ ከ1937 እስከ 2005 እ.ኤ.አ. ሮም አልነበረም? ጣሊያናዊ ነው ያለው ማን ነው?

«ገንዘብ የለም፣ ሕዝቡ የሚፈልገው ዳቦ ነው» የምትሉም አላችሁ። ዳቦው ልክ ነው። ግን አዲስ አበባ ውስጥ በየአደባባዩ ግዙፍ ስክሪን ተሰቅሎ ሌት ተቀን ማስታወቂያ ሲያሳይ ስለ ዳቦ ያነሳ የለም። ስክሪን አጥተን አይደለም፤ የሚታይበትን የሚመርጥ ሰው ነው ያጣነው።

የምጠይቀው ትልቅ ነገር አይደለም። ሙዚየሞቻችንን የሚያስተዳድረው አካል ከአርቲስቱ ጋር ይነጋገር፤ የሚገባውን ይክፈል፤ በአዲስ አበባ ወይም በአክሱም አንድ ጨለማ ክፍልና 15 ስክሪን ያዘጋጅ። የሐውልቱን መመለስ ያላየ ልጅ ገብቶ ይየው። ሐውልቱ 160 ቶን ያህል ስለሚመዝን ልዩ አውሮፕላን አስፈለገው። ቪዲዮው ግን ኪስ ውስጥ ይገባል።

ይህን እስካላደረግን ድረስ «ቅርሳችን ይመለስ» የምንለው ነገር ለድንጋይ ብቻ መሆኑን እንመን።

የማትስማሙ ካላችሁ ተከራከሩኝ። የምትስማሙ ደግሞ ለሚመለከተው እንዲደርስ አጋሩት።