ውኃም የትውልድ አገር አለው

በየካ አባዶ ሁለት ጎረቤታሞች ጉድጓድ ቢቆፍሩ አንዱ ውኃ ሊያገኝ፣ ሌላው ደረቅ አለት ሊገጥመው ይችላል። ነገሩ እንዴት ነው? የዚያ አገር አለት በጥንት ዘመን ከእሳተ ገሞራ የወጣ ነው። የዘነበው ዝናብ በአለቱ ስንጥቅ ይሰርጋል። ስንጥቁን ያገኘ ውኃ አገኘ፤ የሳተ ሳተ።

ይህን የተደበቀ ውኃ የዕድሜ ልክ ሥራቸው ካደረጉት ምሁሮቻችን አንዱ ፕሮፌሰር ሰይፉ ከበደ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2004 በፈረንሳይ አገር ከአቪኞን ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ዲግሪ አገኙ። ያጠኑት ግን የፈረንሳይን ውኃ አይደለም፤ የዓባይን ተፋሰስና የስምጥ ሸለቆን ነው። ይህን ወደድንላቸው። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ለብዙ ዓመታት አስተማሩ፤ በኋላም በደቡብ አፍሪካ በክዋዙሉ ናታል ዩኒቨርሲቲ። እ.ኤ.አ. በ2013 ስለ ኢትዮጵያ የከርሰ ምድር ውኃ አንድ ሙሉ መጽሐፍ አሳተሙ። መጽሐፉ በእንግሊዝኛ ነው። እኛ ግን አሠራሩን በአማርኛ እንንገራችሁ።

ውኃ ሁሉ አንድ ይመስለናል። በውስጡ ግን ቀለል ያለና ከበድ ያለ ውኃ ተቀላቅሎ ይገኛል። በዓይን አይታይም፣ በምላስም አይለይም፤ በመሣሪያ ይለካል። ፀሐይ ሐይቅን ስትመታው ቀላሉ ቶሎ ይተናል፣ ከባዱ ይቀራል። ስለዚህ ከጉድጓድ በትንሽ ጠርሙስ ተቀድቶ ሲለካ የሐይቅ ምልክት ከተገኘበት፣ ሐይቁ ወዲያ ይሰርጋል ማለት ነው። በአዲስ አበባ መካከል የሚፈልቀው ፍል ውኃ እንኳ ከምድር እሳት የተወለደ ይመስላል እንጂ ዝናብ ነው፤ ወደ ጥልቁ ወርዶ፣ ሞቆ የተመለሰ።

አንዳንዱ የከርሰ ምድር ውኃ ደግሞ ብዙ ሺህ ዓመት የቆየ ነው። እሱን በሞተር ቢስቡት የዘንድሮ ዝናብ ቶሎ አይተካውም። ዕድሜውን ሳያውቁ መሳብ ጎተራውን ሳያዩ ድግስ እንደ መጥራት ነው፤ የጎረቤትም ጉድጓድ አብሮ ሊደርቅ ይችላል።

ታዲያ ባለሙያው ጠርሙሱን ይዞ ሲመጣ አንድ ነገር ይጠይቃችኋል። ውኃው በየትኛው ወር ይጎድላል? በየትኛው ይሞላል? ከወዲሁ በገመድ ለኩት። ገመዱ ከጉድጓዱ አፍ እስከ ውኃው ስንት ክንድ እንደ ወረደ በየወሩ በደብተር ጻፉ። አጻጻፉ እንዲህ ነው፦ ግንቦት 12 ክንድ፣ ሰኔ 11 ክንድ፣ ነሐሴ 7 ክንድ።