ድር ቢያብር ማንን ያስር?

«ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ይባላል። ተረቱ የደካሞችን ኅብረት ለማወደስ የተነገረ ነው። አንበሶቹ ራሳቸው ያበሩ እንደሆነስ? እኛ ዛሬ የምንጠይቀው ይህንን ነው።

ዘይት አስመጪዎች ተሰብስበው ዋጋ ቢቆርጡ «ስግብግብ ነጋዴ» ተብለው መጋዘናቸው ይታሸጋል። አሠሪዎች ቡና እየጠጡ «ከዚህ በላይ ደመወዝ አንክፈል፣ አንዳችን የሌላችንን ሠራተኛ አንቅጠር» ቢባባሉስ? ሠራተኛም የሚሸጠው አለው፤ ጉልበቱን። ገዢዎቹ ሁሉ በአንድ ዋጋ ከተማማሉ «ካልተስማማህ ልቀቅ!» ማለት ፌዝ ነው። ለቆ የት ይገባል?

ነገሩ የድሃ አገር ጣጣ ብቻ እንዳይመስላችሁ። አፕል፣ ጉግል፣ ኢንቴልና አዶቤ አንዳቸው የሌላውን ሠራተኛ ላለመጥራት ተስማምተዋል ተብለው እ.ኤ.አ. በ2010 በአሜሪካ የፍትሕ መሥሪያ ቤት ተከሰሱ። 64 ሺህ ገደማ ሠራተኞችን የወከለ ሌላ ክስም ተከተለ። አራቱ 415 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማሙ፤ ፍርድ ቤቱም በ2015 አጸደቀው። የአውሮፓ ኮሚሽን ደግሞ እ.ኤ.አ. በጁን 2025 ምግብ አድራሾቹን ዴሊቨሪ ሂሮንና ግሎቮን 329 ሚሊዮን ዩሮ ሲቀጣ፣ ከጥፋታቸው አንዱ ሠራተኛ ላለመነጣጠቅ መስማማታቸው ነበር።

ወደ ቤታችን እንመለስ። የንግድ ውድድር አዋጅ ቁጥር 813/2006 ነጋዴዎች ተመካክረው የግዢና የመሸጫ ዋጋ እንዳይወስኑ ከለከለ። ደመወዝን ግን በስሙ አልጠራም። አሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 ዝቅተኛ ደመወዝን የሚያጠና ቦርድ እንደሚኖር ጻፈ። ከተጻፈ ስንት ዓመቱ!

በ2011 የወጣ የኒው ዮርክ ዩኒቨርሲቲ ጥናት የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ልብስ ሰፊዎች መነሻ ደመወዝ በወር 26 ዶላር መሆኑን ነግሮናል። ባለሀብቶቹ ተመካክረው የወሰኑት ነው ብለን ማንንም አንወነጅልም። ጥያቄያችን ሌላ ነው፤ ቢመካከሩስ ኖሮ፣ በየትኛው አንቀጽ ማን ይጠይቃቸው ነበር?

ሠራተኛው ሥራ ላቁም ቢል ሕጉ ድምፅ ስጥ፣ አስቀድመህ አስታውቅ፣ መጀመሪያ በስምምነት ለመጨረስ ሞክር ይለዋል። ለአሠሪዎች ምክክር ግን አንድ ስልክ ይበቃል። ይሄ ሚዛን ነው እንዴ?

ባለሀብት ይምጣ፣ ፋብሪካ ይከፈት፣ ያትርፍም፤ እሰየው! ሠራተኛ ለማግኘት ግን እርስ በርሱ ይወዳደር። ስለዚህ የደመወዝ ምክክርና «ሠራተኛዬን አትንካ» የሚል ውል በሕግ በስማቸው ተጠርተው ይከልከሉ። ይህንን ያጋለጠ የቢሮ ሠራተኛ ከእንጀራው እንዳይፈናቀል ዋስትና ይሰጠው። ቦርዱም ከወረቀት ይውረድ። የዘይት ዋጋ የሚያስቆጣው መንግሥት የላብ ዋጋ ሲቆረጥ ዝም ማለት አይገባውም እንላለን።