ለአጥራችን የሚተከለው ጽጌረዳ ይታሰብበት



ባለፈው ወር በዚሁ ሰሌዳ ላይ በተለጠፈው ማስታወቂያ፣ እያንዳንዱ ቤት ገንዘብ አዋጥቶ በመንገድ ዳር አጥሮች ሥር አንድ ዓይነት ቀይ ጽጌረዳ እንዲተከል ሐሳብ መቅረቡ ይታወሳል። ሐሳቡ ሠፈራችንን ለማስዋብ የቀረበ ስለሆነ የሚመሰገን ነው። ዳሩ ግን ዓይነቱ ሲመረጥ ማንም ያላነሣው ጥያቄ አለ፤ ይኸውም ይህ አበባ የአዲስ አበባን ክረምት ይችላል ወይ? የሚል ነው።

የታሰበው በየአበባ መሸጫው የምናየው፣ ዘንጉ ረጅም የሆነው ቀይ ጽጌረዳ ነው። መልኩንማ ማን ይጠላል? ነገር ግን እንዲህ ያለው ዘር በዝዋይ፣ በሆለታና በቢሾፍቱ አካባቢ በፕላስቲክ ቤት ውስጥ፣ ዝናብ ሳይነካው መድኃኒት እየተረጨለት የሚያድግ ነው። የተመረጠውም በአውሮፕላን ተጭኖ ሩቅ አገር እንዲደርስና ውኃ ውስጥ ብዙ ቀን እንዲቆይ ነው። በዚህ ምርጫ መካከል ሽታው ብዙ ጊዜ ተረስቷል። እስቲ ከመሸጫ የገዛችሁትን አንድ እንጨት ወደ አፍንጫችሁ አስጠጉት፤ ምን ይሸታል? ወረቀት!

ከሰኔ እስከ መስከረም ያለው ዝናባችን ደግሞ ለጽጌረዳ ቀላል አይደለም። ቅጠሉ ለ7 ሰዓት ያህል ርሶ ከቆየ ጥቁር ነጠብጣብ የሚያወጣው በሽታ ይይዘዋል፤ ቅጠሉ ቢጫ ሆኖ ይረግፋል፣ ዘንጉም ዕርቃኑን ይቀራል። የአበባ ቅጠሉ የተደራረበ ወፍራም እምቡጥም ዝናብ ሲበዛበት ሳይፈነዳ እዚያው ላይ ይበሰብሳል። ይህን በመድኃኒት እንከላከል ብንል፣ አጥር ሥር የሚጫወቱት ልጆቻችን ናቸው። በየሳምንቱ መርጫ የሚሸከመውስ ማን ነው?

ስም እየጠሩ ካልሆነ የማይተክሉ ጎረቤቶችም አሉን። እነርሱንም አልቃወምም። ‹ኩዊን ኤልሳቤጥ› የሚባለው ከ1954 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚታወቀው ሐምራዊ አበባ ቁመቱም ጥንካሬውም ለአጥር ይሆናል። በ1963 እ.ኤ.አ. የወጣው ‹ፓፓ ሜያን› ግን፣ ሽታው የሚያሰክር ጥቁር ቀይ ቢሆንም፣ ነጭ ዱቄት የሚመስለው በሽታ ቶሎ ይይዘዋል። ቀኑ ሞቃት ሌሊቱ ብርድ በሆነበት በጥቅምትና በኅዳር የሚያስቸግረን ይኸው በሽታ ነው። ስለዚህ እንዲህ ያለው ለሚንከባከበው ሰው ግቢ እንጂ ለመንገድ ዳር አይሆንም።

የእኔ አስተያየት ሌላ ነው። በየበራችን ላይ ስሙን ማንም የማያውቀው፣ እናቶቻችን ከጎረቤት ቆርጠው የተከሉት አሮጌ ጽጌረዳ አለ። ሐምራዊ ነው፤ ነጭም አለ። አበባው ትንሽ ነው፣ ቆርጠው ቢያስገቡት ሁለት ቀን አይቆይም። ነገር ግን ማንም ሳይረጨው ስንት ክረምት አሳልፏል! ማለዳ ላይ በበሩ ያለፈ ሰው ሽታውን ያውቀዋል። ለመንገዳችን የሚሆነው ይህ ነው እላለሁ።

ችግሩ ግን እያለቀ መሆኑ ነው። ቤት ሲታደስ ግቢው ሲሚንቶ ይሆናል፣ ጽጌረዳውም ከነሥሩ ተነቅሎ ይጣላል። ከዚያ በኋላ ልግዛው ቢሉ የትኛው ችግኝ ሻጭ ጋ ይገኛል? ግቢውን የሚያስነጥፍ ሰው ከመንቀሉ በፊት ጥቂት ዘንግ ለጎረቤት ቢሰጥ ምንም አይጎድልበትም።

ለጓሮ አጥር ደግሞ ቀጋን አንናቅ። ቀጋ የሀገራችን ደጋ የራሱ ጽጌረዳ ነው፤ ነጭ አበባው ይሸታል፣ ቀይ ፍሬውን በልጅነታችን ያልበላን ጥቂት ነን። እሾሁ ግን ቀልድ አያውቅም፤ ልጆች ከሚተላለፉበት ይራቅ።

እንግዲህ መዋጮው ለፍግና ለአፈር ይዋልና፣ ዘንጉን ከየግቢያችን እናምጣ። አበባውን ከጨረሰ ዘንግ ላይ እርሳስ የሚያህል ውፍረትና አንድ ስንዝር ርዝመት ያለው፣ ሦስት ወይም አራት ዐይን የያዘ ይቆረጥ። ከላይ ሁለት ቅጠል ብቻ ተትቶ ሁለት ሦስተኛው አፈር ውስጥ ይግባ። ሁሉም አይጸድቅም፤ ስለዚህ አንድ ለሚፈለግበት ሦስት ይተከል። እንዲህ የበቀለው በራሱ ሥር የቆመ ስለሆነ፣ በሌላ ሥር ላይ እንደተዳቀለው ከታች ባዕድ ዘንግ እያወጣ አያስቸግርም። ቦታው ቢያንስ ግማሽ ቀን ፀሐይ የሚያገኝ ይሁን። በበጋ ውኃው ጧት ጧት፣ ከሥሩ እንጂ ከቅጠሉ ላይ አይፍሰስ። የረገፈውን ቅጠል ጠርጎ ማውጣትም አይረሳ፤ በሽታው የሚያድረው እዚያ ውስጥ ነው።

የሚተከልበት ጊዜ ዝናቡ ሲጀምር፣ ሰኔ ላይ ነው። ኮሚቴው ገንዘቡን ለችግኝ ከመክፈሉ በፊት በሚቀጥለው ስብሰባ ይህ ጉዳይ እንዲነሣ እጠይቃለሁ። አሮጌ ጽጌረዳ በግቢው ያለውም ሰው ለስብሰባው አንድ አበባ ይዞ ይምጣ፤ አሽትተን እንምረጥ።