አሳማዋ ወይስ ባንጆው?

በዚህ ሳምንት የማወራችሁ ስለ አንድ አሜሪካዊ ዘፋኝ ነው። ስሙ ራልፍ ስታንሊ ይባላል። የዘፈነው ብሉግራስ የሚባለውን ሙዚቃ ነው፤ በባንጆ፣ በማንዶሊን፣ በቫዮሊን፣ በጊታርና በቤዝ ይጫወቱታል። ዓመቶቹን በሙሉ የጻፍኳቸው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው።

ራልፍ በ1927 በቨርጂኒያ ተራሮች መካከል ተወለደ። ልጅ ሳለ እናቱ ምርጫ ሰጠችው፦ አሳማ ወይስ ባንጆ? የእያንዳንዳቸው ዋጋ 5 ዶላር ነበር። ሁለቱንም ለመግዛት አቅም አልነበራትም። ራልፍ እንስሳት ይወድ ነበር፤ ሆኖም ባንጆውን መረጠ። እናቱ ባንጆ መጫወት ስለምትችል የመጀመሪያ አስተማሪው እሷው ሆነች።

ድምፁን ግን የቀረጸችው ቤተ ክርስቲያን ናት። ቤተሰቡ በሚሄድበት የባፕቲስት ቤተ ክርስቲያን የሙዚቃ መሣሪያ አይገባም ነበር። አንድ ሰው ስንኙን ያወጣል፣ ሕዝቡ ደግሞ ይቀበላል። አማርኛችን ለዚህ ጥሩ ቃላት አሉት፦ አውጪ እና ተቀባይ። የራልፍ ድምፅ ቀጭን፣ ከፍ ያለና እንደ ለቅሶ የሚያሳዝን ነበር። ገና በወጣትነቱ የሽማግሌ ድምፅ ይመስል ነበር።

በ1946 ከውትድርና ሲመለስ ከታላቅ ወንድሙ ከካርተር ጋር ባንድ አቋቋመ። ስታንሊ ብራዘርስ ተባሉ። ብሪስቶል ከተማ በሚገኝ የሬዲዮ ጣቢያ የቀትር ፕሮግራም ላይ እየዘፈኑ ታወቁ። ካርተር መሪ ድምፅ ነበር፤ ከሕዝቡ ጋር የሚጫወተው፣ የሚቀልደውም እሱ ነው። ራልፍ ዓይን አፋር ስለነበር ከጎኑ ቆሞ ባንጆውን ይመታል፣ ከወንድሙ ድምፅ በላይ ሁለተኛውን ድምፅ ይዘፍናል።

ከቀረጿቸው ዘፈኖች መካከል እኔ ደጋግሜ የምሰማው በ1960 የወጣውን «ራንክ ስትሬንጀር» ነው። ከብዙ ዓመት በኋላ ወደ ትውልድ መንደሩ የተመለሰ ሰው ታሪክ ነው። የሚያውቀው ሰው ፈልጎ ያጣል፤ ያገኘው ሁሉ ባዳ ነው። ለሁለተኛ ዲግሪ ውጭ አገር ሳለሁ ስሰማው ዜማው ደስ ይለኝ ነበር፤ ትርጉሙን ብዙም አላሰብኩበትም። በኋላ አዲስ አበባ ሄጄ ያደግኩበት ሰፈር ፈርሶ፣ ጎረቤቶቻችን ተበትነው ሳገኝ ግን ዘፈኑ ስለ እኔ የተዘፈነ መሰለኝ። እናትና አባታችሁ ስለ ድሮ ሰፈራቸው ሲያወሩ ድንገት ዝም ካሉ፣ ምናልባት ይህን እያሰቡ ይሆናል። የአሜሪካ የኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ይህን ቅጂ ለአገሪቱ ታሪክ ተጠብቀው እንዲቆዩ ከመረጣቸው ድምፆች አንዱ አድርጎታል።

በታኅሣሥ 1966 ካርተር በ41 ዓመቱ ሞተ። ለራልፍ ይህ የወንድም ሞት ብቻ አልነበረም። ለ20 ዓመት ስለ እሱም ጭምር ሕዝብ ፊት የሚናገርለት ሰው አጣ። ማቆም ይችል ነበር፤ ቀጠለ። ዓይን አፋሩ ሰው ፊት ለፊት ቆሞ መምራት ተማረ።

ከዚያ በኋላ ያደረገው ነገር ይገርመኛል። ገበያው ወደ ዘመናዊ ሙዚቃ ሲሮጥ እሱ ወደ ኋላ፣ ወደ ልጅነቱ መዝሙር ተመለሰ። ያለ መሣሪያ የሚዘመሩ መዝሙሮችን ወደ ብሉግራስ መድረክ አመጣ። አንድ ቀን ደግሞ የመኪናው ጎማ ፈንድቶ ዘግይቶ ሲደርስ፣ ሁለት ጎረምሶች የስታንሊ ብራዘርስን ዘፈኖች ልክ እንደነሱ አድርገው ሲዘፍኑ አገኛቸው። ሪኪ ስካግስና ኪት ዊትሊ ነበሩ። ሁለቱንም ባንዱ ውስጥ አስገባቸው፤ ኋላ ሁለቱም ታዋቂ የካንትሪ ዘፋኞች ሆኑ።

ዓለም ራልፍን የሰማው ግን በስተርጅናው ነው። በ2000 «ኦ ብራዘር፣ ዌር አርት ዛው?» ለተባለው ፊልም «ኦ ዴዝ» የሚለውን የቆየ ዘፈን ዘፈነ፤ ሞትን «እባክህ ለሌላ ዓመት እለፈኝ» ብሎ የሚለምን ሰው ዘፈን ነው። የሙዚቃው አዘጋጅ ከባንጆ ጋር እንዲዘፍነው ፈልጎ ነበር። ራልፍ ግን እንደ ቤተ ክርስቲያኑ ባዶ ድምፅ እንዲሆን ጠየቀ፤ እንደዚያው ተቀረጸ። በየካቲት 2002፣ 75ኛ ልደቱን ባከበረ በሁለተኛው ቀን፣ በዚህ ዘፈን የግራሚ ሽልማት አገኘ። በ2016 በ89 ዓመቱ እስኪያርፍ ድረስም ዘፋኝነቱን አልተወም።

እኔ የሶፍትዌር መሐንዲስ ነኝ። ዛሬ የዘፋኝን ድምፅ «የሚያርሙ» ፕሮግራሞች አሉ፤ ከፒያኖው ቁልፍ ትንሽ ወጣ ያለውን ድምፅ ጎትተው ቁልፉ ላይ ያስቀምጡታል። የራልፍ ድምፅ ግን በሁለት ቁልፎች መካከል እየተንሸራተተ የሚሄድ ነው። ፕሮግራሙ ያንን እንደ ስህተት ይቆጥረዋል። ቢያርመው የሚጠፋው ራሱ ዘፈኑ ነው። አማርኛ ስትናገሩ «አነጋገርህ ይለያል፣ አነጋገርሽ ይለያል» የሚል ሰው ሲገጥማችሁ ይህን አስታውሱ፤ ቃሉን ተማሩ፣ ድምፃችሁን ግን አትደብቁ።

በዚህ ሳምንት ከወላጆቻችሁ ጋር ሆናችሁ «ራንክ ስትሬንጀር»ን ስሙና ታሪኩን በአማርኛ ንገሯቸው። ከዚያም ስለ ሰፈራቸው ጠይቋቸው።

የሳምንቱ ቃላት

ስንኝ፦ የግጥም ወይም የዘፈን አንድ መስመር።
ባዳ፦ ዘመድ ያልሆነ፣ የማናውቀው ሰው።
ዓይን አፋር፦ ሰው ፊት መናገር የሚያፍር።
ጎረምሳ፦ ከልጅነት ወደ ወጣትነት የሚሸጋገር ወንድ።