ትኩሳቱ ሲወርድ ኩላሊቱስ?

በንፋስ ስልክ ላፍቶ፣ ከጀሞ ወይም ከለቡ ተነሥቶ መሀል ከተማ የነቀርሳ መድኃኒት የሚወስድ በሽተኛ በዚያው ቀን ወደ ቤቱ ይመለሳል። ትኩሳቱ የሚነሣበት ግን ከሳምንት በኋላ፣ ብዙ ጊዜም በሌሊት ነው። የክፍለ ከተማው ስም ያለ ሽቦ መልእክት ከሚያደርሰው መሣሪያ የመጣ ነው ይባላል፤ በሽተኛን ለማድረስ ግን ታክሲ ያስፈልጋል።

የነቀርሳው መድኃኒት ነጭ የደም ሴሎችንም አብሮ ይመታልና፣ ኒውትሮፊል የሚባሉት በአንድ ማይክሮ ሊትር ደም ከ500 በታች በወረዱ ጊዜ ከበሽተኛው ከራሱ አንጀት የወጣ ባክቴርያ እንኳ በጥቂት ሰዓት ሊገድለው ይችላል። ስለዚህ የላቦራቶሪ ውጤት ሳይጠበቅ፣ በደረሰ በ60 ደቂቃ ውስጥ አንቲባዮቲክ እንዲሰጠው መመሪያዎች ያዝዛሉ። በዚህ ላይ ክርክር የለም። ክርክሩ የትኛው ይሰጥ የሚለው ነው።

በ1971 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ ሐኪሞች ካርቤኒሲሊንን ከጀንታማይሲን ጋር አጣምረው ወዲያው መስጠት እንደሚጠቅም ጽፈው ነበር፤ ጀንታማይሲንን መደረብም ለብዙ ዓመታት ሥርዓት ሆኖ ኖረ። በኋላ ግን ሴፌፒም፣ ፒፐራሲሊን ታዞባክታምና ሜሮፔነም መጡ። በ2003 ሚካል ፖልና ባልደረቦቿ 47 ሙከራዎችን ሰብስበው ሲመረምሩ፣ ጀንታማይሲንን የመሰለ መድኃኒት መደረቡ ሕይወት የሚያተርፍ ሆኖ አልተገኘም፤ የኩላሊት ጉዳቱ ግን በዛ። በ2013 በ71 ሙከራዎች ሲታይማ ሞቱ ያነሰው አንድ መድኃኒት ብቻ በተሰጣቸው ዘንድ ነበር።

ጀንታማይሲን በኩላሊት ሲጣራ በቱቦዎቹ ሴሎች ውስጥ እየተጠራቀመ ይገድላቸዋል። ሲስፕላቲን የተባለው የነቀርሳ መድኃኒትም የሚጎዳው እነዚያኑ ቱቦዎች ነው። እንግዲህ ሁለቱ በአንድ ሰው ላይ ሲገናኙ ምን ይሆናል? ትኩሳቱ ይወርዳል፤ ክሬአቲኒኑ ይወጣል፤ የሚቀጥለው ዙር ሲስፕላቲን ይቀነሳል ወይም ይቀራል። በሽተኛው ከትኩሳቱ ዳነ ብለን ስንደሰት ነቀርሳው ጊዜ ያገኛል። ርካሹ መርፌ ርካሽ ነው የሚለው ሒሳብ ይህን ሁሉ አይቆጥርም። (ፒፐራሲሊን ታዞባክታምም ኩላሊት ይጎዳል እየተባለ ይታማ ነበር፤ በ2023 በአሜሪካ በ2,511 የሐኪም ቤት በሽተኞች ላይ ከሴፌፒም ጋር ሲወዳደር ግን በኩላሊት ጉዳት ልዩነት አልታየም። እንዲያውም አእምሮን በማወክ የባሰው ሴፌፒም ነበር።)

አንዳንድ ጓደኞቻችን ይህ የሀብታም አገር ወሬ ነው ይሉናል። ክርክራቸው ከንቱ አይደለም። በአገራችን ሐኪም ቤቶች እነክሌብሲዬላ ሴፍትሪያክሶንንና ሴፍታዚዲምን እየተቋቋሙ መሆናቸው የታወቀ ነው፤ ሜሮፔነምም ውድ ነው። በእንዲህ ያለ ጊዜ አሚካሲን ብቸኛው የሚሠራ መድኃኒት ሊሆን ይችላልና ይከልከል አንልም። የምንቃወመው ልማዱን ነው። አንድ መድኃኒት «ሁልጊዜ ስለምንሰጠው» ተብሎ መታዘዝ የለበትም። የተሰጠ እንደሆነም ክሬአቲኒን አስቀድሞ ይለካ፣ በየሁለት ሦስት ቀኑ ይደገም፤ የደም ካልቸር ውጤት በ48 ወይም በ72 ሰዓት ሲመጣ የማያስፈልገው ይቁም። ካልቸር ካልተወሰደ ግን የሚያስቆመው ማስረጃ ከየት ይመጣል?

ስለዚህ የምንጠይቀው ሁለት ነገር ነው። ነቀርሳ የሚታከምበት ሐኪም ቤት ሁሉ በራሱ አልጋዎች የተገኙትን ባክቴርያዎችና የሚሸነፉለትን መድኃኒት በየዓመቱ በአንድ ገጽ አትሞ ለሐኪሞቹ ያድል። ሁለተኛ፣ በሽተኛው ወደ ጀሞ ሲመለስ የመጨረሻውን የነቀርሳ መድኃኒቱን፣ ቀኑንና የክሬአቲኒኑን ቁጥር የያዘ ካርድ ይሰጠው፤ ሌሊት የሚቀበለው የጤና ጣቢያ ነርስ ማንን እንደሚያክም እንዲያውቅ። ካርዱን የሕክምናና የፋርማሲ ተማሪዎች በአንድ ቅዳሜ ልናዘጋጀው እንችላለን፤ ቁጥሩን የሚሞሉት ግን መምህሮቻችን ናቸው።